ለድምፄ የደረሰው ምርቃት

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህ ብርዱን ቻለው? እማዬስ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን የምታነብልህ ሚጣ መሆኗን አውቃለሁ። እህቴ ሆይ፣ እንደ ልማድሽ መስመር እየዘለልሽ አታንብቢለት።

አባዬ፣ የምሠራበትን የዕቃ ላኪ ድርጅት ታውቀዋለህ። ካርቶኔ ዘገየ፣ ሻንጣዬ ጠፋ እያሉ በቋንቋችን የሚደውሉትን የማስተናግደው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ አለቃዬ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ድምፄን አስቀዳኝ። አሁን ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው፤ በእኔ ድምፅ፣ መልሱን ከራሱ እየፈጠረ። ሳቄን እንኳ አላስቀረም። እኔ ኋላ ክፍል ተቀምጬ ያወራውን ከተቀዳው ላይ እያዳመጥኩ ስህተቱን እለቅማለሁ። ድምፄ ሲሾም እኔ ተላላኪው ሆንኩ እያልኩ ባልደረቦቼን አስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ለራሴ ማውራት እየተውኩ ነው።

ማክሰኞ እንደ ወትሮዬ ሳዳምጥ አንተ መጣህ። የላክሁልህ መነጽር መድረሱን ልትነግረኝ ካርቶኑ ላይ ባለው የድርጅቱ ስልክ ደውለህ ኖሯል። እኔ መሰልኩህ፤ አንቱ ሲልህም ሥራ ላይ ስለሆነች ነው ብለህ አልፈኸዋል። መነጽሩ እንዳልጠቀመህ፣ ሐኪሙ ቶሎ ካልታከምክ አንዱ ዓይንህ እንደሚጠፋ መናገሩን፣ አንተም ሆድ ይፍጀው ብለህ ከቤተሰቡ መደበቅህን አጫወትከው። እኔ ብሆን የምይዘውን የምጨብጠውን ባጣሁ። እሱ ግን ረጋ ብሎ አይዞዎት አባቴ አለህ፣ ደህና አድርጎም አጽናናህ። ቀናሁ አባዬ። በገዛ ድምፄ ቀናሁ።

ከዚያ መረቅከው። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የሚጦርሽ ልጅ አይንሳሽ፣ እኔን እንዳሰብሽኝ የሚያስብሽ አትጪ አልክና አሜን እስክል ጠበቅክ። እሱ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀህ። ቀስ ብለህ፣ የለም አልክና ዘጋኸው።

እንግዲህ ምስጢርህን በሚጣ አፍ አወጣሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትለን የኖርከው አንተው ነህ። ብትቆጣ ቁጣህን እችለዋለሁ። ሚጣ፣ ነገውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ እንቢ ካለ ለእማዬ ስጪው፣ እሷ ታውቅበታለች።

እማዬን ጉንጮቿን ሳሙልኝ። ወንድሜን ከነባለቤቱ፣ አዲሷን ሕፃን፣ አጥር የምትጋሩትን አክስቴንም እንዲሁ። አንተን ሚጣ ግንባርህን ትሳምልኝ።

አባዬ፣ ምርቃትህ ሜዳ ላይ አልቀረም። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ፣ ጮክ ብዬ አሜን ብያለሁ።

ልጅህ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ እሑድ ጠዋት