የማይበስለው ባቄላ

አቃቂ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ ለተሰበሰቡት እናቶች ባቄላና አተር አዘውትረው እንዲመገቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። በዐቢይ ጾም መካከል! ስሕተቴ የገባኝ ወይዘሮ ብርቄ ሲነሡ ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኛ ደግሞ ሌላ ምን በላን? የኅብረት ሱቁ ባቄላ ግን አይበስልም። ከሰላችንን ይበላል እንጂ እኛ አልበላነውም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ተናድጄ፣ ጉድለቱ የአቀቃቀል ነው ብዬ መለስኩላቸው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ያንኑ የሱቁን ባቄላ አቀረበችልኝ። ትናንት ማታ ዘፍዝፋ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትቀቅለው ውላለች። ጥርሴ አልቻለውም። ሠላሳ ዓመት ወጥ የሠራችልኝን ሴት አቀቃቀል አታውቅም ልላት አልችልም። መጋዘን ውስጥ ያረጀ እህል ነው። አሮጌው ሳይሸጥ አዲስ እንዳይገባ የሚለውን ትእዛዝ የፈረምኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ነገ ይህንኑ ንግግር በሌላ ቀበሌ እንዳደርግ ፕሮግራም ተይዟል። ትእዛዙን እሰርዛለሁ ብል የበላዮቼ ምን ይሉኝ ይሆን? ባለቤቴ ከድስቱ አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥራ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«እየተናገርክ ቆርጠም አድርግላቸው» አለችኝ።

ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ነገም የምለብሰው ይህንኑ ኮት ነው።