ለአርባ ኮዳ አንድ ካርድ

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለታደለን የውሃ ኮዳ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደተጠበቀ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ኩላሊትዎም ያለ እንከን ሥራውን እየሠራ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በሰላምታ መካከል ኩላሊት ማንሳት የተለመደ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ባለፈው ወር ግቢው ውስጥ ሰብስበውን «የሠራተኛዬ ኩላሊት የእኔ ኩላሊት ነው» ካሉን ወዲህ የስንት መቶ ሰው ኩላሊት ተሸክመው እንደሚውሉ ሳስብ ስለ ወገብዎ እሰጋለሁ።

እኔ በአራተኛው የስፌት መስመር መጨረሻ ላይ ቆሜ የተሰፋውን ሸሚዝ የምተኩስ ሠራተኛ ነኝ፤ ካውያ ከጨበጥኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ክቡርነትዎ በአጠገቤ ሁለት ጊዜ አልፈዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ እንፋሎቱ መነጽርዎን ስላደበዘዘው ሰላምታዬን ሳይመልሱልኝ ቢቀሩ አልተቀየምኩም።

ቀድሞ ውሃ የምንጠጣው በር ላይ በረዶ የሞላ ሳጥን ይዛ ከምትቀመጥ ሴት የታሸገ ውሃ እየገዛን፣ ትንሿን ጠርሙስ ለሦስት እየተካፈልን ነበር። ክቡርነትዎ ይህን ኋላ ቀርነታችንን አይተው ዝም ማለት አልሆነልዎትም። ፕላስቲክ ባሕሩን እንደሞላው፣ ዓሣው መተንፈሻ እንዳጣ፣ ዛሬ የሠለጠነ ሰው ሁሉ የራሱን ኮዳ አንጠልጥሎ እንደሚሄድ በድምፅ ማጉያ አስረዱን። በማግስቱ የታሸገ ውሃ በበር እንዳያልፍ ታዘዘ፤ ለእያንዳንዳችንም የፋብሪካው ስም የተጻፈበት፣ አንድ ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ ያለው ከውጭ የሚታይ ኮዳ ታደለን። ስለ ዓሣው ብለው ያደረጉት ነውና ዓሣውም እኛም እናመሰግናለን።

ኮዳው ማማሩን ማንም አይክድም። ጎኑ ላይ አምስት መስመር ተሰምሮ ውሃው በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት ተጽፎበታል፤ ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ «ጥሩ ጀምረሻል»፣ ከመካከለኛው «በርቺ»፣ ከታችኛው «ጀግና ነሽ» ይላል። በመስመራችን ያሉት ሁለት ወንዶችም ያው ኮዳ ስለደረሳቸው ወር ሙሉ «በርቺ» እየተባሉ በርትተው ሰንብተዋል። መመሪያው እንደሚለው ኮዳው ከጠዋት እስከ ምሳ አንድ ጊዜ፣ ከምሳ እስከ መውጫ ሌላ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ባዶ መሆን አለበት። የመስመር ኃላፊያችን፣ በቀን መቶ ጊዜ «ደቂቃ!» ስለሚል እኛም «ደቂቃ» ብለን ስም ያወጣንለት ታታሪ ሰው፣ በየሰዓቱ እየዞረ ኮዳችንን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ይመረምራል፤ ውሃው ከመስመሩ በላይ የተገኘባትንም ለገዛ ጤናዋ ደንታ የሌላት ብሎ በሰው ፊት ይገሥጻል። እናቴ እንኳ ለመጠጣቴ እንዲህ ተጨንቃልኝ አታውቅም።

እንግዲህ ምስጋናዬን ካደረስኩ ዘንዳ፣ ቅሬታ ብዬ ልጠራቸው የማልደፍራቸውን ጥቂት ነጥቦች በቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። ወደ ሰው ሆድ የገባ ውሃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መውጫ መፈለጉን ክቡርነትዎ ሳይሰሙ አይቀሩም። በመስመራችን አርባ ሠራተኞች አለን። ለአርባችን በአንገት የምትንጠለጠል አንዲት ቀይ የመውጫ ካርድ ተሰጥታናለች፤ እሷን ያላንጠለጠለ ሰው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ይመለሳል። አንድ ሠራተኛ በፈረቃ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለሰባት ደቂቃ፣ ካርዷን ሊያንጠለጥል ይችላል። ይህ ደንብ ኮዳው ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ ነው፤ ኮዳው ሲመጣም አልተነካም። ጠጡ የሚለው መመሪያ በማስታወቂያ ሰሌዳው ግራ፣ አትነሱ የሚለው በቀኝ ተለጥፈዋል፤ በሁለቱም ግርጌ ያለው ፊርማ የክቡርነትዎ ነው። ሁለቱን ያነበበ ሰው ፈራሚው ከአንገት በላይ እንጂ ከወገብ በታች ያለውን አካላችንን አልተዋወቀውም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሁለተኛ። ኮዳው በታደለ ዕለት ክቡርነትዎ መድረክ ላይ ወጥተው የራስዎን የብረት ኮዳ አንስተው ረዘም ላለ ጊዜ ሲጎነጩ አይተን አጨበጨብን። ከዚያ ኮዳው ከጠረጴዛው ወድቆ እስከ ፊተኛው ረድፍ ድረስ እየተንኳኳ ሲንከባለል አንዲት ጠብታ እንኳ አለመፍሰሷን ስናይ ደግሞ ይበልጥ ተደነቅን፤ ክዳኑ አልተገጠመም ነበርና። የስብሰባ አዳራሹን የምታጸዳው እህታችን እንደምትለው፣ በየስብሰባው ማብቂያ ግማሽ የተጠጡ የታሸገ ውሃ ጠርሙሶችን በጆንያ ታወጣለች። ይህ የሚሆነው ለእንግዳ ክብር ሲባል መሆኑ ይገባናል። ዓሣውም ቢነገረው ይገባዋል።

ሦስተኛ። ይህ የኔው ኑዛዜ ነው።

መቼም ሰው ጭንቅ ሲይዘው መላ አያጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ሴቶቹ «ደቂቃ» ጀርባውን ሲያዞር ውሃቸውን በመስኮቱ ሥር ወዳሉት ሦስት የአበባ ማሰሮዎች መድፋት ጀመሩ። አበቦቹ ውሃ በዝቶባቸው ቢጫ ሆኑ። አስተዳደር ክፍልም ጉዳዩን መርምሮ አበቦቹ በውሃ ጥም እየሞቱ ነው ብሎ ስለደመደመ ጠዋትና ማታ ውሃ እንዲጠጡ ትእዛዝ አስተላለፈ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። የእንፋሎት ካውያዬ ውሃ መያዣ አላት፤ በቀን ብዙ ውሃ ትፈጃለች። የተሰፋውን ሸሚዝ ሊያቀብሉኝ የሚመጡት ሁሉ ኮዳቸውን ከሸሚዙ ሥር ደብቀው ይመጡና «እታለም፣ እባክሽ ለካውያሽ» ይሉኛል፤ እኔም እቀበላለሁ። የራሴንም እዚያው ነው የማፈሰው። ወር ሙሉ ከቧንቧ ውሃ ቀድቼ አላውቅም። ካውያዬ የሠላሳ ዘጠኝ ሰው ጤና ጠጥታ፣ በፈለገችው ሰዓት እፍ እያለች ታወጣዋለች፤ እሷን ካርድሽ የታለ የሚላት የለም።

ባለፈው ሐሙስ መስመራችን «ውሃ በመጠጣት አርአያ የሆነ መስመር» ተብሎ የምስክር ወረቀት ሲቀበል ከፊት ቆሜ ፎቶግራፍ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ፈገግ ብያለሁ። የዚያ ፈገግታ ነገር እስካሁን ሆዴን ይበላኛል፤ ለምን እንደሆነ ቀጥዬ ልንገርዎ፤ ለዚህኛው ግን ቁጥር አልሰጠውም።

ከአርባችን ውሃዋን ለካውያዬ ያልሰጠች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አዝራር ሰፊዋ። ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ ተቀምጣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አዝራር ስትሰፋ አንዱ እንኳ ተበጥሶ አልተመለሰም። አባት የሌላቸውን ሁለት ልጆቿንና የታመመች እናቷን የምታኖረው በዚሁ ነው። አምና ጎኗን ይዟት ከወንበሯ ወድቃ፣ እኔና አንዲት ጨርቅ ቆራጭ፣ ሸሚዝ በምናመላልስበት ጋሪ ላይ አስተኝተን ወደ በሩ ስንገፋት፣ የምትናገረው «ካርዱን አልያዝኩም፣ ካርዱን አልያዝኩም» ብቻ ነበር። የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለ። ሐኪሙ ከሥራ ሰዓት ውጭም በሥራ ሰዓትም ውሃ በብዛት እንድትጠጣ ጽፎ ሰጣት፤ እሷም ወረቀቱን ለአስተዳደር አስረከበች፤ አስተዳደርም በጥንቃቄ ፋይል ውስጥ አኖረላት። ጠጠሩ በሰላም ቢወጣም ወረቀቱ ከፋይሉ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ኮዳው ሲታደል ከልቧ ደስ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። አሁንስ በፋብሪካው ትእዛዝ ልጠጣ ነው ብላ እንደ ልጅ ስትፈነድቅ አይቻለሁ። እስከ «ጀግና ነሽ» ድረስ በየሰዓቱ፣ በሐቅ፣ ጠብታ ሳታስቀር ጠጣች። የጠጣ ደግሞ ይነሳል፤ ሦስተኛ ጊዜ ተነሳች፣ አራተኛም ተነሳች፣ ካርዱ ሰው ጋ ሲሆንባት ያለ ካርድ ተነስታ በሩን ለምና ገባች። «ደቂቃ» ሁሉንም መዘገበ። እኛ የምስክር ወረቀት በተቀበልንበት በዚያው ሐሙስ እሷ «ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታዋ በተደጋጋሚ በመነሳት» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ የፊታችን ሰኞ ከሰዓት በኋላም የዲሲፕሊን ኮሚቴው ከሥራ እንድትሰናበት የቀረበውን ሐሳብ ተቀምጦ ይወስናል።

ክቡር ሆይ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር። ይህ ግን ከዚያም ይብሳል፤ መመሪያዎን ያፈረስን ሠላሳ ዘጠኞቻችን ተሸለምን፣ እንደ ቃሉ የፈጸመችው አንዲቱ ልትባረር ነው። ማስጠንቀቂያውን ስታነብ አላለቀሰችም። ኮዳዋን አምጥታ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔንም ለካውያሽ» አለችኝ። ያን ጊዜ አፈርኩ፤ በሠላሳ ዘጠኙ ኮዳ ያላፈርኩትን በእሷ አንድ ኮዳ አፈርኩ። አልተቀበልኳትም።

እርግጥ አቤቱታ ማቅረብ እንችል ነበር። ስለ ካርዱ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አቅርበን ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉት፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ መሆኑን ተምረናል። ስለዚህ አቤቱታውን ትተን መታዘዝን መረጥን። ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ በር ላይ ቆመን ተነጋግረናል፤ ከሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ በአራተኛው መስመር ያለን አርባችንም ኮዳችንን ሞልተን፣ በ«ደቂቃ» ፊት፣ መስመር በመስመር፣ ጠብታ ሳናፈስ እንጠጣለን። ካውያዬ ከማንም ውሃ አትቀበልም፤ ከቧንቧ ቀድቼ አጠጣታለሁ። ሌሎቹ መስመሮችም ሰምተው መመሪያውን ማክበር ናፍቋቸዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ክቡርነትዎ ከእኔ የተሻለ ማስላት ይችላሉ። አርባ ሰው፣ አንዲት ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ። ደንብ አንጥስም፤ ካርዷን ለማግኘት በጨዋነት ተራ ይዘን እንቆማለን። አራት ሰዓት ላይ ሸሚዛችንን የሚገዙት እንግዶች ሊጎበኙን እንደሚመጡ ሰምተናል። ተራው በሩን አልፎ እስከ ኮሪደሩ ቢደርስና እነሱም ምን እንደሆነ ቢጠይቁን፣ ሥራ አስኪያጃችን ጠጡ ብለውን ጠጥተን፣ እንነሳ ዘንድ ፈቃድ እየጠበቅን ነው ብለን እውነቱን እንነግራቸዋለን። ከመካከላቸው አንዱ መጸዳጃ ቤት ቢያስፈልገው ግን አርባ አንደኛ መሆኑን አስቀድመው ቢያሳውቁልን ከእንግዳ ጋር ከመጋፋት ያድኑናል።

ይህ ሁሉ እንዳይሆን ከፈለጉ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ የአዝራር ሰፊዋ ማስጠንቀቂያ ከሰኞ ሁለት ሰዓት በፊት ይሰረዝ፣ ቀይዋ የመውጫ ካርድም ጨርሳ ትቅር። የእኔን ጥፋት በተመለከተ ቃሌን በጽሑፍ ስለሰጠሁ ኮሚቴው ለሰኞ ሰው ካጣ በእሷ ወንበር እኔ ልቀመጥለት።

ለኩላሊታችን ያለዎት ፍቅር ሳይጎድል፣ ለዓሣው ያለዎት ርኅራኄም ወደ እኛ ወደ የብሱ ፍጡራን ይሻገር ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ዛሬ ብዙ ስለጠጣሁ ዝቅታዬ አጭር ቢሆን ይቅር ይበሉኝ።

የዘወትር ታዛዥዎ፣
በአራተኛው መስመር መጨረሻ ቆማ የምትተኩሰው

ግልባጭ፦
ለመስመር ኃላፊያችን ለ«ደቂቃ»፣ በትርፍ ጊዜው እንዲያነበው
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በሁለቱ መመሪያዎች መካከል እንዲለጠፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤቴ ተቀምጬ፣ ሁለት ኮዳ ውሃ እየጠጣሁ ነው። በመካከሉ አምስት ጊዜ ተነስቻለሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም፣ ማንም አልመዘገበኝም፤ ተመልሼ በተቀመጥኩ ቁጥርም ብዕሬ የበለጠ ይሰላልኝ ነበር። ክቡርነትዎ ጽሑፉ ውስጥ በመነሳቴ ምክንያት የጎደለ ሥራ ካገኙ ቦታውን አስምረው ይላኩልኝ።