ቀይዋ ክፍት መኪና

ታኅሣሥ 9
ዛሬም እንጅባራ–ዳንግላ፣ ዳንግላ–እንጅባራ። የሚኒባሱን ጎማ ላስነፋ ዳንግላ ጋራዥ ገባሁ። እዚያ ቆማለች... ቀይ፣ ሁለት ወንበር ብቻ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና። አርጅታለች። ብታረጅስ! የጋራዡ ባለቤት አስቻለው፣ "ጣሪያው ከታጠፈ ወዲህ አልዘጋ ብሏል፤ ሞተሯ ግን ልዩ ነው" አለኝ። ምሳም አልበላልኝ አለ።

ታኅሣሥ 12
ለባለቤቴ ለልክየለሽ ነገርኳት። በሳቅ ፍርስ አለች። "እንጅባራ ላይ ጣሪያ የሌለው መኪና? ዣንጥላ ይዘህ ልትነዳ ነው?" ባጃጅ ስለምትነዳ ከእኔ በላይ አዋቂ ነኝ ባይ ናት። አኮረፍኩ። ግን እውነቷን እኮ ነው...

ታኅሣሥ 20
አባቴ፣ አባየ፣ ከወደቁ ወዲህ ዳሌያቸው ኮርቻ አልችል ብሏል። ዛሬ የፈረስ ማኅበር ጓደኛቸው ጋሽ ይኸነው ስለ ጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ሊያወሩ ቢመጡ፣ "እኔን ተዉኝ" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንጀቴን በሉት።
ቆይ... ክፍቷ መኪና ላይ ቢቀመጡስ? ከፈረሰኞቹ መሃል! ፈረሳቸውን ዳማን ጭነን ከጎናቸው እየሳብን! ለእሳቸው ነው ወይስ ለራሴ? እኔንጃ። ቁጭ ማለት አቃተኝ።

ጥር 4
ገዛኋት! ሞተር ሳይክሌም ሄደች፣ ዕቁቤም ሄደ። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ በረርኩ። ከተማ ስገባ ካፊያ ተቀበለኝ። በጥር!

ጥር 6
ለአባየ አሳየኋቸው። "እርስዎ እዚህ ይቀመጣሉ፣ ዳማን አስጊጠን ከጎንዎ እንስበዋለን።" ፊታቸው ጠቆረ።
"ሰው የሌለበት ኮርቻ የሚሳበው ለሞተ ሰው ነው። እኔ ሞቻለሁ?"
ወይኔ! ለቅሶ ላይ ስንቴ አይቼው... መኪናዋ ዓይኔን ጋርዳው ነው እንጂ እንዴት ይጠፋኛል? በራቸውን ዘጉብኝ።

ጥር 9
ዛሬም አላናገሩኝም። መኪናዋን ልመልሳት? አስቻለውስ ይቀበለኛል? ልክየለሽ መቀመጫዎቹን ላስቲክ እያለበሰች፣ "ምን ያንቆራጥጥሃል? ሂድና ይቅርታ ጠይቅ" አለችኝ።

ጥር 10
ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ይቅር ይበሉኝ አባየ። ምን ላድርግ?"
"ዳማ ላይ ሰው ይቀመጥ። ያን ጊዜ እኔም በመኪናዋ ከጎኑ እመጣለሁ።"
"ማን ይቀመጥ?"
"ልጅ የለኝም እንዴ?"
መኪና ከያዝኩ ወዲህ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ፈራሁ። "መኪናዋንስ ማን ይነዳል?" ልክየለሽ ከጓዳ፣ "እኔ አለሁ!"

ጥር 15
ወገቤ! ጭኔ! አባየ ደጃፍ ላይ ሆነው ይጮሁብኛል። "ልጓሙን አላላው! መሪ መሰለህ?" ልክየለሽ ዳማ ድምፁን እንዲለምድ መኪናዋን አጠገባችን ቀስ እያደረገች ታመላልሳለች። የኔን መኪና! አንዴ ብቻ የነዳኋትን!

ጥር 23
ሜዳው ፈረስ በፈረስ ሆነ። አባየ ነጭ ለብሰው ክፍቷ መኪና ላይ፣ ልክየለሽ መሪው ላይ፣ እኔ ዳማ ላይ። ጋሽ ይኸነው ገና ሲያዩአቸው ከፈረሳቸው ወርደው ጉንጫቸውን አገላብጠው ሳሟቸው። አንዱ፣ "ዳማ ላይ ያለው ማነው?" አለ። አባየ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ያዙ። "ልጄ ነዋ!" እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።
በዓሉ ሲያበቃ ልክየለሽ ቁልፉን ዘረጋችልኝ። "እንካ፣ አሁን እንኳ ንዳት።"
"አንቺ አባየን አድርሺ" አልኳት። "እኔ በዳማ እመጣለሁ።"