የጥቁሯ መኪና ደብተር

ጥቅምት 6

ዛሬም ታክሲ። ከሐኪም ቤቱ እስከ ቤታችን ሽማግሌዬ ወገቡን ይዞ አቃሰተ። የኩላሊት እጥበቱን ይችለዋል። የሚጥለው መመለሻው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን... ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው የቅንጦት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው፣ አሁን ጉልበቱ ደረቱ ድረስ ታጥፎ ይሄዳል።

መኪና ልገዛለት ወሰንኩ። ያገለገለች ትሁን፣ ግን ረጅም፣ የኋላ ወንበሯ ሰው የሚያሳርፍ። ልጃችን ይነዳታል።

ነገርኩት። ሣቀ። "አንቺ፣ የፊደል ጠበቃዋ? ዲክቴ ሳትሰጫት ልትገዢ?"

ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ጥቅምት 11

ደላላው ከከተማው ዳር ወዳለ የመኪና መሸጫ ግቢ ወሰደኝ። ሰፈሩ "ቅባቱ" ይለዋል፣ ለአንደበቱ ልስላሴ፤ አልተሳሳቱም። ጥቁር መኪና አሳየኝ። የኋላ ወንበሯ ከሳሎናችን ሶፋ ይሻላል።

"እናቴ፣ ይቺን የያዛት አንድ ሽማግሌ ሐኪም ብቻ ነው። እሱም እሑድ እሑድ!"

"መቶ አርባ ሺሕ ኪሎ ሜትር በእሑድ ብቻ?"

በእጅጌው ኮፈኗን መወልወል ያዘ።

አራቱንም በሮች ከፍቼ ዘጋሁ። ምንጣፉን ገልጬ ዝገት ፈለግሁ። ጎማዎቹን በእጄ ዳበስኩ። መዳፌ ጠቆረ። ቅባቱ ለጥበቃው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፦ "እኒህ ሴትዮ ጥርሷን ሊቆጥሩ ነው።" እቆጥር ነበር፣ ቢኖራት።

ጥቅምት 13

የሰፈራችን መካኒክ መኪናዋን ዐያት። አንድ ረጅም ብረት አለው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም ያዳምጣል። ትዕግሥተኛ ነው። ወደድኩት።

"ሞተሯ ደኅና ነው፣ እማማ። ነገሩ ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሣጥኗ ላይ ነው።"

"ምን ሆነ?"

"አላውቅም! ዘይቱ በየጊዜው ከተቀየረ ዐሥር ዓመት ታገለግልዎታለች። ካልተቀየረ ግን አንድ ቀን በድንገት ይለቃል። ቁልቁለት ላይ ከለቀቀ..." አልጨረሰውም።

"ከፍተህ እየው።"

"ባለ ግቢው አያስከፍተኝም። የጥገና ደብተሯን ያምጡ። ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው።"

ጥቅምት 15

ደብተሩ እጄ ገባ። እስክመልሰው ሳምንት ሰጡኝ። የዐሥር ዓመት ጥገና፣ የሦስት ጋራዥ ማኅተም፣ የሦስት ሰው እጅ ጽሑፍ። አንዱ ወደ ቀኝ ያጋደለ፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ድቅቅ ያለ።

ግን ፊደሉ! "ፍሬን ተሠራ" በንጉሡ ሠ። "ሦስተኛ ዓመት"። "ዐሥር ሺሕ"። በየመሥመሩ መጨረሻ አራት ነጥብ። ከመዝገብ ቤት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ዐይቼ አላውቅም። የት ነበሩ እነዚህ ሰዎች? ለፊደል የሚጠነቀቅ ሰው ዘይት ሳይቀይር ቀየርኩ አይልም።

ለሽማግሌዬ አነበብኩለት። "በቃ፣ ወዳጆችሽን አገኘሽ" አለኝ።

ጥቅምት 17

ሽማግሌዬን ወስጄ መኪናዋን አሳየሁት። ቅባቱና እኔ ደግፈን ከኋላ አስቀመጥነው። እግሩን ዘረጋ። እስከ መጨረሻው ተዘረጋለት። እጁን መደገፊያው ላይ አደረገና ወደ ፊት ተመለከተ።

"ከኋላ ሲሆኑ እንዲህ ነው የሚታየው ለካ።"

ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

ጥቅምት 19

ለመጨረሻ ጊዜ ልከልሰው ብዬ ደብተሩን ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩት።

ኀምሌ። በብዙኀኑ ኀ።

ትክክለኛው ሐምሌ ነው፣ በሐመሩ ሐ። እኔ ግን በልጅነቴ መምህሬ በብዙኀኑ አስጻፉኝ፤ በማስመሪያቸው ጣቴን እየመቱ። ኀምሳ ዓመት እስኪሞላኝ እንዲያው ጻፍኩ። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መዝገበ ቃላት ገልጦ አሳየኝ። ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ እያልኩ እጽፋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ኀምሌ ብዬ ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለእሱም አልነገርኩት። እናት ለልጇ ተሳሳትኩ ትላለች?

ሦስቱንም እጅ ገለጥኩ። ያጋደለው፣ ኀምሌ። ቀጥ ያለው፣ ኀምሌ። ድቅቁ፣ ኀምሌ። ሌላው ቃል ሁሉ እንከን የለውም።

ልጄ አስመጪ ድርጅት ውስጥ መዝገብ ያዥ ነኝ ብሎኛል። ከዓመት በላይ ሆነው።

ጥቅምት 20

ወጥ አረረብኝ። ሽማግሌዬ "ምን ሆነሻል?" አለኝ። ራሴን ነው፣ አልኩት።

ጥቅምት 21

ልጄ አባቱን ሊያይ መጣ። አባቱ ከእጥበት ተመልሶ ተኝቶ ነበር። ሻይ ቀዳሁለትና ደብተሩን ስኳሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዐየው። ብርጭቆውን ሳያነሣ ቀረ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ለአባትህ የምገዛት መኪና ናት።"

"ጥቁሯ? እማዬ፣ እንዳትገዣት! ካምቢዮዋን አዲስ ዘይት ነክቶት አያውቅም!"

አስቀድሞ ከአፉ የወጣው ይኸ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

"እኔ አልገዛትም እንበል። የሚገዛት ሰውስ?"

እጆቹን ጠረጴዛው ሥር አስገባ። ልጅ ሳለ ማስመሪያ ስይዝ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ማስመሪያውን ከመምህሬ ወርሼ ነበር፣ እንደ ኀምሌ።

"በሳምንት ስንት ደብተር ትጽፋለህ?"

"እንደ መኪናው ነው። አምስት... ስድስት።"

"ማን አስገደደህ?"

"የድሮው መሥሪያ ቤቴ ሲዘጋ ያላንኳኳሁት በር አለ? ማንም አልፈለገኝም። የግቢው ሰዎች ብቻ 'ጽሕፈትህ ያምራል' ብለው ቀጠሩኝ።"

ጠረጴዛውን ጠረግሁ። ንጹሕ ነበር።

"እማዬ፣ ቢታወቅ ባለ ግቢው አይነካም። እጁ የኔ ነው፣ የምታሰረው እኔ ነኝ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ታገሺኝ፣ እለቃለሁ። ለአባዬ ግን... ለአባዬ አትንገሪው።"

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ዞር አለ።

"ስሕተት አገኘሽበት?"

"አንድ። እሱም የኔ ነው።"

አልገባውም። አላስረዳሁትም።

ጥቅምት 23

ደብተሩን መለስኩ። ለቅባቱ አንገዛም አልኩት፣ ምክንያት አልሰጠሁም። ለሽማግሌዬ ካምቢዮዋን አላመንኩትም አልኩት።

"አንቺ ካልሽ ልክ ነው" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ብቻ ማታ ራቱን ሳይቀምስ መለሰው።

ኅዳር 2

ታክሲ። ዝናብ። ሹፌሩ ወንበሩን ሊያስጠጋልን አልፈለገም። ተሳደብኩ፣ በሕይወቴ ያልተሳደብኩትን።

ኅዳር 9

ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። የማላውቀው የሴት ድምፅ፣ ወጣት።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቁጥርዎን መካኒኩ ነው የሰጠኝ። ጥቁሯን መኪና ልገዛ ነበር። እሱም ደብተሩን ዐይቶ ደኅና ነው አለ። ግን 'እኒያ እናት ሳይፈትሹ የሚያልፉት ነገር የለም፤ ለምን እንደተዉአት እሳቸውን ጠይቂ' አለኝ።"

ነርስ ናት። ሁለት ልጆች አሏት፣ ትምህርት ቤታቸው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ሳልጠይቃት ነው ይህን ሁሉ የነገረችኝ። ምነው ዝም ባለች።

"ምን አገኙባት፣ እማማ?"

ልጄ ገና አልለቀቀም።

"ምንም" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። "ባለቤቴ ሕመሙ ጠናበትና ሐሳባችንን ቀየርን።"

"ደብተሩንስ አነበቡት?"

"ከዳር እስከ ዳር።"

"ተመስገን! እንግዲያው ነገ በሦስት ሰዓት እረከባታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። ባለቤትዎንም ይማርልዎ።"

ዘጋሁት። ሽማግሌዬ ከመኝታ ቤት "ማን ነው?" አለ።

"ተሳስተው ነው።"

ቁጥሯ ስልኩ ላይ አለ። እስካሁን ሁለት ጊዜ አነሣሁት፣ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት።