ቤንዚን የበላው ሰም

ለውድ ልጄ ለካሤ ገብረ ጻድቅ፣
ድሬዳዋ።

የአባትነት ሰላምታዬ ካለህበት ቆላ ድረስ ይድረስህ። አንተ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ፍቅርአዲስ ደኅና ናት? ሙቀቱ ልጆቹን መልአኩንና ምስራቅን አላጎሳቆላቸውም? ባለፈው የጻፍክልን የጎንህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ እናትህ እንዳትሳቀቅ ብለህ ትደብቀናለህ? እኛ በአምላክ ቸርነት አለን። እናትህ ጉልበቴን ከማለት በቀር ጤና ናት፤ እኔም ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ተማሪዎቼም አልተበተኑብኝም። አዝመራው ከአምናው ቢሻል እንጂ አይከፋም።

ሰላምታዬን ካደረስኩ ዘንድ ልቤን አልደብቅህም። ብዕር ያነሣሁት ተበሳጭቼ ነው፤ ብስጭቴም ግማሹ በታናሽ ወንድምህ በደጅይጥኑ፣ ግማሹ በአንተ ነው።

ክረምት ለዕረፍት መጥተህ ሳለ ሞተር ብስክሌት መንዳት አስተማርከው። የግብርና መሥሪያ ቤቱም መንዳቱን አይቶ የከብት ክትባት አድራሽ አደረገውና ሞተር ሰጠው። እናትህ እልል አለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ማስነሣቱንና ማስሮጡን አሳይተኸው ሄድክ እንጂ፣ ሰው በሌለበት ገደል አፋፍ ላይ ሲሰበር ምን እንደሚያደርግ አላስተማርከውም። እኔ ፊደል ያልለየ ተማሪ ዳዊት አስይዤ አላውቅም። አንተንም ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ያሻገርኩህ አንዲት መስመር ሳላስዘልልህ ነው። ታዲያ ይህን ዓይነት ማስተማር ከማን ተማርከው?

የሆነውን ልንገርህ። ከመስቀል ወዲህ በአበርገሌ ቆላ የፍየል ሳንባ በሽታ ገብቷል። መድኃኒቱ ቢመጣም መርፌው ፍየል ያስወርዳል የሚል ወሬ ስለተነዛ ባለ ፍየሎቹ አሻፈረን አሉ። በመጨረሻ የኒሯቁ ሽማግሌ አቶ ቢሆነኝ ሰቆጣ ድረስ መጥተው፣ እኔ ራሴ ከመርፌው ጋር ከተገኘሁ ሰዉን እንደሚያሰባስቡ ነገሩኝ። እኔም በገበያው ቀን ከቀትር በፊት ልጄን ይዤ እንደምደርስ ቃሌን ሰጠሁ። በዚህ ቃል ሰዉ ፍየሉን ከየሸለቆው እየነዳ ወጣ።

መድኃኒቱ የሚጓዘው በረዶ በተሞላ ሳጥን ነው፤ በረዶው ከቀለጠ ይበላሻል። በማለዳ ጥምጥሜን አጥብቄ፣ መቋሚያዬን በሞተሩ ጎን አስጠፍሬ፣ ሳጥኑን ታቅፌ ከኋላው ተቀመጥሁ። ከመነሣታችን በፊት ለመጠገኛ ምን ምን እንደያዘ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ሞተሩ እኮ አዲስ ነው» አለኝ። ፒንሳ የለ፣ ሽቦ የለ፣ የጎማ መለጠፊያ የለ፣ መንፊያ የለ።

ቁልቁለቱን ሳንጨርስ የግራር እሾህ የኋላውን ጎማ ወጋውና ተነፈሰ። ወንድምህ ከወንበሩ ሥር ባገኛት አንዲት መፍቻ ቸርኬውን ፈታ፤ ጎማውን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ ከውስጥ ያለውን አየር የሚይዘውን ከለመዳሪ አወጣና በምትኩ ደረቅ ሣር ጠቀጠቀበት። ከብስክሌት አከራዮች ያየው ነው አሉ። ብልሃቱን አልነቅፍም፤ የነቀፍሁት ችኮላውን ነው። እንዲህ ያለው ሣር እንደ ኮርቻ እስኪጠጥር መታጨቅ ሲገባው፣ እሱ እንደ ትራስ አድርጎ ተወው። ጨምርበት ብዬ ብነግረው፣ በረዶው እየቀለጠ ነው ብሎ አስነሣው። ጥቂት እንደሄድን ሣሩ ተጨፍልቆ ጎማው ከቸርኬው ሸሸና ወደቅን። የእኔ ክንድ ተላጠ፤ ሳጥኑ ግን ከእቅፌ አልወጣም። የቤንዚን መያዣው ድንጋይ ላይ አርፎ ተሰነጠቀና ያንጠባጥብ ጀመር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከፋው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት እርዳታ እህል የሚያመላልሱ ሾፌሮች እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በደረቅ ሳሙና አሽተው ሲደፍኑት በዓይኔ አይቻለሁ። ነጠላዬን የማጥብበት ሳሙና በከረጢቴ ስለነበረ አውጥቼ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። «አባዬ፣ ሳሙና እርጥበት ሲነካው ይሟሟል። ፈሳሽ የማያሳልፈው ሰም ነው» ብሎ፣ ለኒሯቅ ቤተ ክርስቲያን የያዝኩትን ጧፍ መዝዞ በመዳፉ አሙቆ ለጠፈበት። በእርግጥ በአገራችን ቅል ቢነቃ በሰም፣ ጋን ቢያዣ በሰም ነው የሚደፈነው። ነገር ግን ቅሉም ጋኑም የሚይዙት ውሃና ጠላ ነው፤ ቤንዚን አይደለም። ቤንዚኑ ሰሙን እንደ ቅቤ አቅልጦ በላው። ጎማውን በሣር አጥብቀን ሞልተን መንዳት ከጀመርን በኋላ ሞተሩ አንገሸገሸና ቆመ። ወደ ኋላ ብናይ መንገዱ ላይ የእርጥበት መስመር ተከትሎናል።

ያን ጊዜ ሳሙናውን ተቀበለኝ። አጥብቆ አሸው፤ ያዘ፤ ጠብታ እንኳ አላለፈም። ነገር ግን የሚያግደው ቤንዚን አልቀረም።

ሞተሩን ከቁጥቋጦ አስጠግተን ሳጥኑን እየተቀባበልን በእግራችን ወረድን። ኒሯቅ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። በሜዳው ላይ የቀረው የፍየሎቹ በጠጥ ብቻ ነው፤ ሰዉ ሄዷል። አቶ ቢሆነኝ ብቻ የራሳቸውን ፍየሎች ይዘው ቆመዋል። ደጅይጥኑ ሳጥኑን ከፍቶ እጁን ከተተ፤ ውሃው ለብ ብሏል። ጠርሙሶቹን ነካ ነካ አድርጎ ከደነው። የተበላሸ መድኃኒት ባለመውጋቱ አመሰግነዋለሁ፤ በዚያ ቀን የማመሰግነው በዚህ ብቻ ነው። ሽማግሌው አልተቆጡም። በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንኛ ዝግ ብለው፣ «የኔታ፣ እኛ የመጣነው መርፌውን አምነን አልነበረም፤ እርስዎን አምነን ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የእርሳቸው በረት ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኗል።

ከተመለስን በኋላ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጎማውን አስፈታዋለሁ፤ መልሶም ያስገባል፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ጥቅም በቃሉ እንዲወጣልኝ አዝዣለሁ። «ይህ እኮ ዳዊት አይደለም» እያለ ያጉረመርማል። ዳዊቱንም ሲጀምር እንዲሁ ያጉረመርም እንደነበር ነግሬዋለሁ። ይሁን እንጂ እኔ የማላውቀውን ላስተምረው አልችልም፤ ይህን ስጽፍልህ እንዴት እንደሚከብደኝ አንተ ታውቃለህ።

አሁን የምጠይቅህ ይህ ነው። አቶ ቢሆነኝ በስንት ልመና ሰዉን እንደገና ሊያሰባስቡ ተስማምተዋል፤ የካቲት ሚካኤል ካለፈ በኋላ በሚውለው የመጀመሪያ ገበያ ነው። የምትሠራበት ጋራዥ ከፈቀደልህ ራስህ መጥተህ የጀመርከውን ትምህርት ፈጽም። ካልፈቀደልህ መንፊያና መለጠፊያ ከነማስቲሹ ላክ፤ ከዕቃው ጋር ግን ብልሃቱን ጽፈህ ላክ። ካቴና ሲበጠስ በምን ይቀጠላል? የፍሪሲዮን ሽቦ ቢበጠስ እንዴት አድርጎ ይነዳል? ወንዝ ሲሻገር ውሃ ቢገባበት ከየት ጀምሮ ያደርቃል? በቅደም ተከተል ጻፍ፤ ይህን ያውቀዋል ብለህ አንዳች አትዝለል።

ባለ ፍየሎቹ አንድ ነገር ጠይቀውኛል። ከወንድምህ ጋር ሳይሆን ከእርሱ ቀድሜ በእግሬ ሄጄ፣ እነርሱ ዘንድ አድሬ እንድጠብቅ፤ ቃሌ ብቻ አልበቃቸውምና። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ መባል ቢያንገበግበኝም እሺ ብያለሁ። በዚያ ማለዳ ከፍየሎቹ መካከል ተቀምጬ የሞተር ድምፅ አዳምጣለሁ። እንድሰማው አድርግ።

እናትህ እናትነሽ፣ ጎንህን በቅቤ እሸው ብላለች። እኅትህ ሠርካለም ለፍቅርአዲስ ያሰናዳችውን በርበሬ ከመልእክተኛው ጋር ልካለች። ጎረቤታችን እመት ይታየሽ ልጆቹን ሳሙልኝ ብለዋል። መልአኩ ፊደሉን የት አደረሰው? ለምስራቅ ቡራኬዬን ንገራት። ደጅይጥኑ ሰላም ብሎሃል ብዬ አልጽፍም፤ ይህን እንደጻፍኩልህ አያውቅምና።

አባትህ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ
ሰቆጣ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፺፯ ዓ.ም.