መቃኑ ላይ የረጩት ውሃ

ውድ እትዬ ዓለሚቱ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ የወንድምዎ ልጅ ቃልኪዳን እንደሆነች አውቃለሁ። ቃልኪዳን፣ እባክሽ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው። ለእኔ አዝነሽ እንዳታለዝቢው፣ ተናደሽብኝም እንዳትጨምሪበት። ይኸው፣ ገና ሰላም ሳልል አንቺንም ጠረጠርኩ።

እንደምን ሰነበቱ? ገሳይ ከእኛ ይልቅ ለጉና ተራራ ይቀርባልና ብርዱ ጉልበትዎን እንዳይጎዳው እያልኩ ሳስብ ከርሜያለሁ። ደውዬ ልጠይቅዎ ግን አፍ አልነበረኝም።

ምን ያህል ጠርጣራ እንደሆንኩ ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው እላለሁ፤ ፈተና ስፈትን የሚኮርጀውን ተማሪ ከአተነፋፈሱ እለያለሁ ባይ ነኝ። ባለቤቴ ይሻው ደግሞ "ሶስና ቄስ ሆና ብታናዝዝ ኖሮ፣ ሰዉ ያልሠራውን ኃጢአት ሁሉ አምኖ ይወጣ ነበር" እያለ ይስቅብኛል። አምና ከጉድጓዳችን ውሃ የምንስብበት ዲናሞ ሲሰረቅ ይህ ጠባዬ ጥሩ ሰበብ አገኘ። ደምሴ ሱቅ ሄጄ ካሜራ ስመርጥ ዋልኩ። ደምሴ "ድምፅም የሚቀዳውን ውሰጂ፣ ይሻልሻል" ቢለኝ፣ "ሌባ እየዘፈነ አይመጣም፤ ይልቅ ምስሉ ጥርት ያለውን ስጠኝ" አልኩት። አንዱን በሩ ላይ፣ አንዱን ጓሮ ተከለልኝና ከስልኬ ጋር አገናኘልኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በሁለተኛው ሳምንት ወተት የምታመጣልን ሙሉ ወደ ጓሯችን ስታይ አየኋትና በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤት ለይሻው ደወልኩ።

"ዶሮዎቹን እያየች ነው" አለኝ።

"ለምን ታያቸዋለች?"

"ዶሮ ስለሆኑ ነዋ!"

እሱ ሳቀ፣ እኔ ግን ከነከነኝ። ሰዉም ቀስ በቀስ እግሩን ሰበሰበ። ድሮ ሳያንኳኳ ዘው ይል የነበረው ጎረቤት ሁሉ "ደህና ዋላችሁ" የሚለውን ከአጥር ውጭ ጨርሶ ማለፍ ጀመረ። እኔ ደግሞ ምን ደብቆ ነው የማይገባው እል ነበር።

እኔና እርስዎ የተኳረፍነውም በዚያው ሰሞን ነው። ከአጥራችን ወዲያ ያለው የባሕር ዛፍዎ ቅርንጫፍ ካሜራውን ከለለብኝ ብዬ ሳላስፈቅድዎ አስቆረጥኩት። "ልጄ፣ በአፍሽ ብትጠይቂኝ እኔው አስቆርጥልሽ አልነበር?" አሉኝ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ "ድሮስ ሆን ብለው አይደል እንዴ እንዲያድግ የተዉት?" አልኩዎት። ከዚያ ወዲያ ግቢያችንን አልረገጡም። ይሻው ከጭነት መኪናው ወድቆ የተሰበረው እግሩ ድኗል ስንል ማመርቀዝ ሲጀምር እንኳ፣ አልጋው አጠገብ ያጣሁት ሰው እርስዎን ነበር። ቀሩ ብዬም ተቀየምኩዎት።

አንድ ቅዳሜ የሰሞኑን ቀረጻ ሳይ እርስዎን አየሁ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በአጥር በራችን ላይ ቆመዋል። ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ከነጠላዎ ሥር ትንሽ ጠርሙስ አወጡ፣ ውሃ የመሰለ ነገር መዳፍዎ ላይ አፍስሰው መቃኑ ላይ ረጩ። ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከዚያ ጠርሙሱን ከድነው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ወደኋላ ብመልሰው ያለፈው ዓርብም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም ዓርብ እንደዚሁ። ክው ብዬ ቀረሁ። የይሻው እግር ያመረቀዘበትን ቀን ቆጠርኩና ከመጀመሪያው ዓርብ ጋር ገጠመልኝ። በኋላ ረጋ ብዬ ስቆጥረው ቁስሉ በአሥር ቀን ይቀድማል። የሒሳብ አስተማሪዋ ያን ዕለት መቁጠር ያቃታት እንዲገጥምላት ስለፈለገች ነው።

በማግስቱ እድሩ ሲሰበሰብ ስልኬን ለሰብሳቢው ለአቶ ሞላ ሰጠሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እትዬ ዓለሚቱ፣ ኧረ ይኸ ነገር ምንድን ነው? እስቲ አንቱም ይናገሩ" አሉ። እርስዎ ግን እሳቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሶስና፣ አንቺ ምን መሰለሽ?"

"መተት!" አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ጮክ ብዬ።

ተነሡ። ቀሚስዎን አራገፉ። "እንግዲያ ለዚህ መልስ የለኝም" ብለው ወጡ፤ አንድም ሰው አልተከተለዎትም። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት በማግስቱ ቆልፈው ወደ ገሳይ መሄድዎን ስሰማ "አየህ፣ ንጹሕ ብትሆን ትሸሻለች?" አልኩት ይሻውን። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በሦስተኛው ሳምንት የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረእግዚአብሔር ይሻውን ሊጠይቁ መጡ። የሆነውን አልሰሙም ነበር። ገና ከመቀመጣቸው "ዓለሚቱን ምን አገኛት? ሐሙስ ሐሙስ ጸበል ትወስድ ነበር፣ ቀረች እኮ" አሉ።

"የምን ጸበል?"

"ለይሻው ነዋ! 'ከሶስና ጋር ተኳርፈን ቤት መግባት ቸገረኝ፤ እሱም ተነሥቶ አይጠመቅ፤ አባቴ፣ ምን ላድርግ?' ብትለኝ፣ መቃኑ ላይ ርጪ፣ አቡነ ዘበሰማያትም ድገሚለት አልኳት።"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሳቸውን ነው። ሊያስታርቁን ብለው የፈጠሩት መሰለኝ። እሳቸውን ሸኝቼ ቀረጻውን ከፈትኩና ከንፈርዎን እያየሁ፣ ከንፈርዎ ሲጀምር እኔም ድምፄን አውጥቼ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ጀመርኩ። እኔ አሜን ስል እርስዎ ጠርሙሱን ከደኑ። የሁለተኛውን ዓርብ ከፈትኩ፤ አሜን ስል ከደኑ። ሦስተኛውን እስከ መጨረሻው መድገም አልቻልኩም፣ እንባዬ ቀደመኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው እሁድ እድሩ ፊት ቆሜ መተት ያልኩት ጸበል መሆኑን፣ የበደልኩም እኔ መሆኔን ተናገርኩ። አቶ ሞላም "ለእኛ ነገርሽን። ለተበደሉትስ?" አሉኝ። ካሜራውን ነቅዬ ጣልኩት ብልዎ ደስ ይልዎ ይሆናል፣ ግን ልዋሽዎ አልፈልግም። አልነቀልኩትም። የዲናሞው ሌባ ገና አልተያዘም።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርዎ። የይሻው ቁስል አጥንቱ ድረስ ዘልቋል። ባሕር ዳር ያሉት ሐኪሞች ለፊታችን ሰኞ ለቀዶ ሕክምና ቀጥረውታል፤ ከዚያ ካለፈ እግሩ መቆረጡ አይቀርም ብለዋል። እሱ ግን "እትዬ ዓለሚቱ በእኛ አዝነው እያለ ለቢላ አልተኛም። ልቤ ሳይነጻ ሞቼ ብቀርስ?" ብሎ እምቢ አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። ከአልጋው ንቅንቅ አላለም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህን የምጽፈው ገሳይ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ነው። ቃልኪዳን ስታነብልዎ እኔ በራችሁ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ቆሜያለሁ። ሽማግሌ ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር፤ ግን መተት ስል ብቻዬን ስለነበርኩ ይቅርታውንም ብቻዬን ልጠይቅ አልኩ። እርስዎ አውርጂ ካላሉኝ አላወርድም። እኔን እስከ ማታ ቢያቆሙኝም ይገባኛል። ለይሻው ግን፣ እሱ ምንም አላጠፋምና፣ "ሂድ፣ ታከም" የምትል አንዲት ቃል ይላኩለት።

እትዬ ዓለሚቱ፣ ሰው የሚለኝን ሳላገላብጥ ተቀብዬ አላውቅም። ዛሬ ወጥተው ይቅር ብዬሻለሁ ቢሉኝ አምንዎታለሁ። ይቅር አልልሽም ቢሉኝም አምንዎታለሁ።

ደጅዎ የቆመችው፣
ሶስና