የእናቴ አፍንጫና የገብርኤል ጽዋ

ለተከበሩ አቶ እንደሻው፣
የጤና ጣቢያችን ኃላፊና የእናቴ ማኅበርተኛ፤
ሐረር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? በተለይ አፍንጫዎ ደህና ይሁንልኝ፤ አፍንጫ ሲታመም ምን እንደሚከተል ከእርስዎ ተምሬአለሁና። ይህን በጣቢያዎ በር ላይ የለጠፍኩት የወይዘሮ በለጡ ልጅ ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ/ እናቴ አፍንጫዋና የላይኛው ከንፈሯ አብጦ ስትመጣ፣ በመርፌ እንኳ ሳይነኩ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ በሽታዋን ስላወቁ አደንቅዎታለሁ።

፪ኛ/ እሷን «መድኃኒት እፈልግልሻለሁ» ብለው ሸኝተው፣ ገብርኤል ማኅበር ላይ ሳትደርስ ተነስተው «በለጡን ቁምጥና ይዟታል፣ ጽዋ ይለይላት» ስላሉልን አመሰግናለሁ። ገብታ ተቀመጠች፤ እጇን ዘረጋች፤ ጽዋው አልፏት ሄደ። የመደገስ ተራዋ ሲደርስም ቤታችንን ዘለለ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከአንድ ጽዋ አብሯት የጠጣ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብላ አልጠረጠረችም።

፫ኛ/ ከትምህርት ቤትም አሳረፉኝ። «የቆማጣ ልጅ» ያለኝን በጥፊ ባጮለው የዳይሬክተሩ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሱኝ።

ቤታችንን ያልሸሸች ጎረቤታችን እትዬ ዐይሻ ብቻ ናት። ከእናቴ ብርጭቆ ሻይ እየጠጣች፣ «አብሽሪ በለጡ! ማንጎ እንኳ ተዳብሶ ነው የሚገዛ፤ ይሄ ሰውዬ ፊትሽን ሳይነካ ፈረደ? ወላሂ ድሬዳዋ እወስድሻለሁ» አለቻት። ወሰደቻት።

የድሬዳዋው ሐኪም ከአፍንጫዋ ውስጥ ቅንጣት ሥጋ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ አየ። ሻጋታ ነው! አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ላይ የሚኖር፣ ሰው ላይ እምብዛም የማይወጣ፣ ከሰው ወደ ሰውም የማይተላለፍ። አዮዳይድ የሚባል መራራ ጠብታ ወራት ሙሉ ጠጣች፤ እብጠቱ ጎደለ፤ ይኸው ዛሬ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች።

፬ኛ/ ቤትዎ መጥቼ ይህን ስነግርዎ «እሰይ፣ ተመስገን» አሉ። ማኅበሩ ላይ ግን ትንፍሽ አላሉም። ቁምጥናዋን ቆመው አወጁ፤ ሻጋታዋን ቁጭ ብለው ዋጡ።

አንድ ልመና አለኝ፤ በመጪው ገብርኤል እንደዚያ ቀን ይነሱና «ተሳስቻለሁ» ይበሉ። ከዚያ ጽዋውን በእጅዎ ይዘው ቤታችን ያምጡት።

ፊት በሩቅ ለሚያነቡት ዓይኖችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከጫማዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ሮማነወርቅ፣ ከፈላና በር
ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ጠላውን ጠምቃለች። መጀመሪያ እሷ ትጠጣለች፣ ቀጥሎ እርስዎ፣ ከዚያው ጽዋ። ካልመጡ ግን አይጨነቁ፤ እናቴንም ጠላውንም ይዤ ጣቢያዎ እመጣለሁ፣ በሽተኞችዎ እያዩዎት ይጠጣሉ።